ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጉርብትና

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሊያጣቸው የማይገቡ ነገሮች ምግብ፣ ልብስና ቤት መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሦስቱ አብረው ይጠሩ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። እህል ከጎጃም ተጭኖ ወደ ወሎ ይመጣል፤ ልብስም ከባሕር ማዶ ተሠርቶ በደሴ ገበያ ይሸጣል፤ ቤት ግን ከቆመበት አይነሣም። እህል የገዛ ሰው እህሉን ብቻ ገዛ፤ ቤት የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ግን ከቤቱ ጋራ ጎረቤቱን፣ የውሃውን መንገድ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ሲታመም የሚጠይቀውን፣ ሲሞትም የሚቀብረውን ሰው አብሮ ይይዛል። ስለዚህ የቤት ዋጋ ይባል እንጂ የሚከፈለው ስለ ግድግዳና ስለ ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። ከዚህም የተነሣ አንድ ጥያቄ ይወለዳል፤ ቤቱ የአንድ ሰው ከሆነ ሠፈሩ የማን ነው? ባለቤቱ በቤቱ ላይ ያለው ሥልጣን በጎረቤቱ ኑሮ ላይ እስከ ምን ድረስ ይደርሳል?

ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሁን ግን ዱሮ ሜዳ ብቻ ወደ ነበሩትና ከተማ እየተጠጋቸው ወዳሉት ስፍራዎች ደርሷል። ከነዚህም አንዱ ከደሴ በስተ ሰሜን ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ነው።

የቦሩ ሜዳ ስም በኢትዮጵያ ታሪክ የታወቀው በ1870 ዓመተ ምሕረት በዚያ በተደረገው ጉባኤ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክንና የየወገኑን ሊቃውንት ሰብስበው በሊቃውንቱ መካከል የነበረውን ክርክር በዚያ አስቈረጡ፤ ከዚያም ተያይዞ የወሎ እስላም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ደሴንም መቀመጫቸው አደረጉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ትእዛዙን ያልተቀበለው ግን ከፊሉ ሸፈተ፣ ከፊሉም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የሃይማኖቱ ክርክር ለዚህ ነገር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፤ ያ ሜዳ «በዚህ አገር ማን ይቀመጣል? በምንስ ውል?» የሚለውን ጥያቄ ከመቶ ዓርባ ዓመት በፊት ሰምቶታል። ያን ጊዜ መልሱ በንጉሥ ቃል ተሰጠ። ዛሬ መልሱን የሚሰጠው የኪራይ ዋጋ ነው፤ ይህም ነጋሪት የማይጐሰምለት አዋጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ሜዳው ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ከሌላ ስፍራ የተገፉ ነበሩ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌል መልእክተኞች ማኅበር በቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የሚታከሙበት ሐኪም ቤት አቆመ። ያ ሕመም ከአካል ይልቅ ስምን ያጠፋ ነበር። የታመመው ሰው ከማዕድ ይለያል፤ ትዳሩ ይፈርሳል፤ እኅቱ የምታገባው ታጣለች፤ ድኖም ቢሆን ጣቱ የጐደለውን ሰው መንደሩ መልሶ አይቀበለውም። ስለዚህ በየአገሩ እንደ ታየው ሕመምተኛው ከታከመ በኋላ ወደ መጣበት አይመለስም፤ ከሐኪም ቤቱ አጥር ሥር ጎጆ ቀልሶ፣ እንደ እርሱ ያለችውን አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓመት ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን ካዘዘ ወዲህ ሕመሙ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለ ጊዜ የሚድን ሆኗል፤ ሕክምና የጀመረ ሰውም ለሌላው አያስተላልፍም። የሰው ፍርሃት ግን እንደ ሕመሙ ፈጥኖ አልዳነም።

ዛሬ የቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ጠቅላላ ሆስፒታል ሆኖ ከሥጋ ደዌ ሌላ የዐይንና የቆዳ ሕመምን፣ መድኃኒት የተላመደውንም የሳንባ ነቀርሳ ያክማል፤ በ2012 ዓመተ ምሕረት የኮሮና ተስቦ ወደ አገር በገባ ጊዜም ሕመምተኞቹ ተለይተው እንዲታከሙባቸው ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ እርሱ ሆነ። በዚህ ውስጥ የከተማ ጠባይ ይታያል። ከተማ የሚፈራውንና ሊያየው የማይወደውን ሁሉ ወደ ዳር ያወጣል፤ ዳር ግን ሁልጊዜ ዳር ሆኖ አይኖርም። ከተማው ባደገ ጊዜ ዳሩ መካከል ይሆናል፤ ትናንት በፍርሃት የተሸሸው መሬት ዛሬ በገንዘብ ይፈለጋል።

ይህ ነገር አስቀድሞ በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሠፈር ሆኗል። የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤቱ ሲመሠረት ከከተማው ውጭ ነበረ፤ ሕመምተኞቹ በዙሪያው ሠፈሩ፤ ከተማው አድጎ ከበባቸው። በዚያው አጠገብ የከተማው ጥራጊ የሚጣልበት ቆሼ የሚባለው ስፍራ ነበረ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሰው ከጥራጊ ክምር ሥር ቤት የሚሠራው ስፍራውን ወድዶ አይደለም፤ በሌላ ስፍራ የሚጠየቀውን መክፈል ቢያቅተው ነው። ኪራይ የሚረክሰው ብዙ ጊዜ አደጋ ባለበት ነው፤ ልዩነቱንም ድኻው በብር ባይከፍለው በሕይወቱ ይከፍለዋል።

ደሴም በዚህ ነገር ቀላል ዕድል አልደረሳትም። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨምቃ የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ ለጥ ያለ መሬት የላትም። በዳገቱ ላይ ቤት የሠራ ሰው ክረምት በገባ ቁጥር ናዳና ጎርፍ ይፈራል። ስለዚህ ከተማዋ ስትሰፋ የምትሄድባቸው አቅጣጫዎች ጥቂት ናቸው፤ ወደ ገራዶ፣ ወደ ጢጣ፣ ወደ ቦሩም ትሄዳለች። በ1987 ዓመተ ምሕረት በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በደሴ 97,314 ሰዎች ተቈጠሩ፤ በ1999 በተደረገው ደግሞ በከተማዋ 120,095፣ ከተማዋን የሚያዋስኑትን የገጠር ቀበሌዎች ጨምሮ 151,174 ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቈጠራ አልተደረገም፤ ነገር ግን በዚያው በ1999 የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቶ በደሴና በኮምቦልቻ ተማሪና መምህር መቀበል ጀመረ፤ በ2009 ሐምሌም ከደሴ ቁልቁል በምትገኘው በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ከየገጠሩ ሥራ ፈላጊውን መሳብ ያዘ።

ከዚህም ሁሉ በላይ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ደሴ ገብተው በየትምህርት ቤቱና በየሰው ቤት ተጠለሉ። በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ከተሞቹ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ ኅዳር 27 ቀን መልሰው በመንግሥት እጅ ገቡ። ከወለጋ የተፈናቀሉትም ወደ ደቡብ ወሎ መጥተው በሐይቅ አካባቢ በመጠለያ ተቀመጡ። በዚያ የመከራ ወራት የደሴ ሰው አንዱን ክፍል ለሁለት፣ ምድጃውንም ለሦስት ቤተ ሰብ ሲያካፍል ኪራይ ያልጠየቀው ብዙ ነበር። ይህን ያደረገው ሰው የተለየ ፍጥረት አልነበረም፤ ያው በሰላሙ ጊዜ ኪራይ የሚጨምረው ሰው ነው። መከራ ሲመጣ ቤቱ የመጠለያ ስም ነበረው፤ መከራው ሲያልፍ ወደ ንብረት ስሙ ተመለሰ። ቤት ሁለቱንም መሆኑ እውነት ነው፤ ችግሩም ሁሉ የሚፈልቀው ከዚሁ ነው።

ሜዳው ወደ ከተማ ሲለወጥ አስቀድሞ የሚነሣው ገበሬው ነው። በ1987 በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ሆኗልና ገበሬው ሊሸጠው አይችልም፤ ለከተማ ሲፈለግ ካሣ ተቀብሎ ይለቃል። በ1997 በወጣው ሕግ ካሣው ካለፉት አምስት ዓመታት በአማካይ ያገኘው ያንድ ዓመት ገቢ ዐሥር እጥፍ ነበረ፤ በ2012 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት የበለጠው ገቢ ዐሥራ አምስት እጥፍ ሆነ። ይህ መሻሻል ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን አንባቢ ያስተውል፤ የሚታሰበው የገብሱና የባቄላው ዋጋ ነው። ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ሲወጣ የሚታሰበው የከተማው ዋጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ትርፍ ከወዴት መጣ? ገበሬው አልፈጠረውም፤ እርሱ ያረሰው ለገብስ ነውና። የገዛው ነጋዴም አልፈጠረውም፤ ገና አልሠራበትምና። የፈጠረው መንገዱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመጣውም ሰው ሁሉ ነው፤ ምንም የሌለው ተፈናቃይ እንኳ ወደዚያ በመምጣቱ በመሬቱ ዋጋ ላይ ጨምሯል፤ የጨመረውም ዋጋ ተመልሶ እርሱን ያስወጣዋል።

በአሜሪካ አገር ሄንሪ ጆርጅ የሚባል ጸሐፊ ይህን ነገር መርምሮ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በተደረገ ባንድ ዓመቱ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879፣ ስለ ዕድገትና ስለ ድህነት አንድ መጽሐፍ አወጣ። ሐሳቡ የመሬት ዋጋ የሚያድገው በማኅበሩ ሥራ ነውና ያደገው ዋጋ በግብር ወደ ማኅበሩ ይመለስ የሚል ነው። በአንድ ግብር የዓለም ድህነት ሁሉ ይነቀላል ማለቱ ልክ ያለፈ ተስፋ ነበር፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

እስቲ ነገሩ ከመሬት ወደ ቤት፣ ከሕግም ወደ ሰው ይውረድ። ለምሳሌ ያህል አንዲት መበለት በቦሩ ሜዳ ትኑር። ባልዋ ሲሞት አንድ ቤትና በግቢው ውስጥ ሁለት የጭቃ ክፍሎች ተወላት፤ ጡረታ የላትም፤ ልጆችዋም ርቀዋል። ካንደኛው ክፍል ከጦርነቱ የሸሸ የቀን ሠራተኛ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋራ አራት ዓመት ተቀምጦበታል፤ በወር አንድ ሺህ ብር ይከፍላል። መበለቲቱ በታመመች ጊዜ አጥሚት የምታመጣላት የርሱ ሚስት ናት፤ ውሃ የሚቀዱላትም ልጆቹ ናቸው። ካንድ ዓመት በፊት ሰውየው በሠፈሩ ቅሬ ገብቷል። አሁን አንድ መምህር መጥቶ ለዚያው ክፍል ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር እሰጣለሁ አለ። መበለቲቱም ተከራይዋን ጠርታ እንዲህ ትለዋለች፤ «ልጄ፣ እንዳታዝንብኝ፤ የእህሉን ዋጋ አንተም ታውቀዋለህ። የመድኃኒቱ ብቻ አንድ ሺህ አልፏል።» እርሱም፤ «እማማ፣ የሚሉት እውነት ነው። ቤት ሌላ ይገኝ ይሆናል፤ ቅሬውን ግን ከወዴት አመጣዋለሁ? ደግሞ እንደ አዲስ ሰው በማን ደጅ እቆማለሁ?» ይላታል።

ቅሬ ማለት በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው። በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ መሰብሰቡ የተለመደ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቈፍረው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው ቅሬው ነው፤ የቅሬው ዳኛም የጎረቤት ጠብ ያበርዳል፤ የቀረውን ሰው «ለምን ቀረህ?» ብሎ ይጠይቃል። አገሩን ጥሎ ለመጣ ሰው በቅሬ መጻፍ ማለት «ብሞት የሚቀብረኝ አለ» ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ የዜግነት ወረቀት ለድኻ የለውም። በየዓመቱ ከሠፈር ሠፈር የሚዞር ተከራይ ግን በአንዱም ሳይጸና ይኖራል፤ መዋጮውን በአንዱ ሠፈር ከፍሎ ሞቱ በሌላው ሠፈር ይደርሳል።

እንግዲህ ከሦስቱ ሰዎች በደለኛው ማን ነው? መምህሩ ነው እንዳይባል እርሱም ወደ ቦሩ ሜዳ የመጣው በደሴ መካከል የሚጠየቀውን መክፈል አቅቶት ነው፤ ከርሱ የበለጠ ደመወዝ ያለው ሰው ገፍቶታል፤ እርሱም ሌላውን ይገፋል፤ ሳያውቅ ነው እንጂ የቀን ሠራተኛውን ፊት አይቶ ቢሆን ያፍር ነበር። መበለቲቱ ናት እንዳይባል ቤቱ የርስዋ ነው፤ ያለ ርሱም ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ማንም በሌላው ገንዘብ ቸር ሊሆን አይችልምና «ማሪው» ብሎ የሚያዝዛት ሰው አስቀድሞ ከገዛ ኪሱ ያውጣ።

ነገር ግን «ቤቱ የርስዋ ነው» የሚለው ቃል ሁሉን አይጨርሰውም። ከአንድ ሺህ ወደ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሲወጣ በክፍሉ ላይ ምን ተጨመረ? ግድግዳው አልተመረገም፤ ቆርቆሮው አልተለወጠም። የጨመረው የሠፈሩ ተፈላጊነት ነው፤ ሠፈሩን ተፈላጊ ካደረጉትም አንዱ ሌሊት ውሻ ሲጮኽ የሚወጣው፣ ጎረቤት ሲታመም ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ያው ተከራይ ነው። ስለዚህ ከትርፉ ሁሉ ላይ የባለቤትነት ስም ብቻውን መጻፉ እውነት አይሆንም። በዚህ ላይ መበለቲቱ ብትከራከር ግን ጥሩ መልስ አላት፤ የእህል ነጋዴውም ምንም ሳይጨምር ዋጋ ጨምሮባታልና፣ በገበያው ሁሉ ያልተጠየቀውን ፍርድ ከርስዋ ከአንዲት መበለት ብቻ መጠየቅ ግፍ ነው። ይህ መልስዋ ዋጋውን ትክክል አያደርገውም፤ ሸክሙ የርስዋ ብቻ አለመሆኑን ግን ያሳያል።

በሌላ ወገን «አስቀድሞ የተቀመጠበት ይኑርበት» የሚለውም ፍርድ ቢመረመር ጐዶሎ ነው። መቀመጥ ብቻውን መብት ሁሉ የሚሰጥ ከሆነ፣ ተፈናቃዩ በመጣበት ቀን በየትኛውም ስፍራ መብት አልነበረውም ማለት ነው፤ ገበሬውም ለርሱ «አንተ መጤ ነህ» ሊለው በቻለ ነበር። ዛሬ የገባው ሰው በሩን ከውስጥ ቢዘጋ፣ ነገ የሚሸሸው ከደጅ ይቀራል። ነባርና መጤ የሚለው ቃል በወሎ ምድር ላይ በተለይ ሊፈራ የሚገባው ነው፤ የዚህ አገር ሰው የአያቱን አያት ቢቈጥር ከወዲያም ከወዲህም የመጣ፣ ባንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት ያለው ነውና። በሜዳውም የሆነው ታሪክ «ማን ይኑር፣ ማን ይውጣ» የሚለውን ከሥር ጀምሮ መለየት የት እንደሚያደርስ ይመሰክራል።

ስለዚህ መመዘን ያለበት ማን ቀደመ የሚለው አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያጣው ነገር ምን ዐይነት ነው የሚለው ነው። መበለቲቱ ብትቀር የምታጣው ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ሊካፈል፣ ሊተካ፣ በሌላ መንገድ ሊመጣ ይችላል። ተከራዩ ቢወጣ የሚያጣው ግን በገንዘብ ተገዝቶ የማይመለስ ነገር ነው፤ ቅሬው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ልጁን ትታ ወደ ገበያ የምትሄድባት ጎረቤት፤ መበለቲቱም ራስዋ አጥሚት የሚያመጣላትን ሰው ታጣለች፤ ይህን በኪራዩ ሒሳብ ውስጥ አልጻፈችውም። በ2017 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ለኮሪደር ልማት ሲባል ከካዛንቺስ ከተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል። ከነርሱ ውስጥ ከቀድሞው የተሻለ ክፍል ያገኘ ሰው ቢኖር እንኳ፣ ዓርባ ዓመት አብሮ ቡና የጠጣውን ጎረቤቱን በቍልፉ አብሮ አልተረከበም።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ሹፍዓ የሚሉት ሥርዐት አላቸው፤ የሐነፊ ወገን የሆኑት ይህን ቀዳሚነት ለጎረቤት ጭምር ይሰጣሉ። ይኸውም ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲል ሌላው ከመግዛቱ በፊት ጎረቤቱ በዚያው ዋጋ የመግዛት መብት አለው ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሌላ መለያ ይገኛል፤ ቅጥር ባለበት ከተማ ውስጥ የተሸጠ ቤት ባንድ ዓመት ውስጥ ካልተዋጀ ለገዢው ይጸናል፤ ቅጥር በሌለው መንደር ያለው ቤት ግን እንደ እርሻ ይቈጠራል፤ ዘወትር ሊዋጅ ይችላል፤ በኢዮቤልዩም ይመለሳል። የመንደር ቤት ከሰውየው እንጀራና ከዘመዱ ጋራ የተጣበቀ መሆኑን ያ ሕግ ዐውቆታል። ቦሩ ሜዳ ዛሬ ከሁለቱ መካከል ነው፤ ኑሮው የመንደር፣ ዋጋው የከተማ ሆኗል፤ ቅጥሩ ገና ሳይታይ ሕጉ ተለውጦበታል።

የኢትዮጵያ መንግሥታት ነገሩን ዝም ብለው አልተመለከቱትም። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ ወረሰ፤ እስከ ሦስት መቶ ብር የነበረውንም ኪራይ በየደረጃው ቀነሰ፤ ከመቶ ብር በታች የሚከራዩትን ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሰጠ። በዚያ ቀን ከብዙ ድኻ ትከሻ ላይ ሸክም መውረዱን መካድ አይገባም፤ በደሴም በአዲስ አበባም ድኻና ባለጠጋ ባንድ ሠፈር ተቀላቅለው እንዲቀሩ ያደረገው አብዛኛውን ይኸው የቀበሌ ቤት ነው። ነገር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ለቆርቆሮ መለወጫ እንኳ የማይበቃ ስለ ነበረ ቤቱ በተከራዩ ራስ ላይ አረጀ፤ አዲስ የሚሠራም ጠፋ፤ ቤት ያገኘ አገኘ፤ ያላገኘ ልጅ በአባቱ ጓዳ ውስጥ መጋረጃ ጋርዶ ሚስት አገባ። ልጓም ፈረሱን ይገታዋል እንጂ ሌላ ፈረስ አይወልድም።

ከ1996 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ጥቂት ቈይቶም በክልል ከተሞች፣ በደሴና በኮምቦልቻም ጭምር፣ ኮንዶሚኒየም የሚባለው ፎቅ ተሠራ፤ በዕጣም ታደለ። ብዙ ሰው ባለቤት ሆነ፤ ነገር ግን ዕጣ የደረሰው ድኻ የባንኩን ዕዳ መክፈል ሲያቅተው ቤቱን ለደኅና ተከራይ እያከራየ ራሱ ወደ ርካሽ ጎጆ መመለሱ በአዲስ አበባ የታወቀ ነገር ነው። ዕጣ አያዳላም፤ አያይምም፤ የማን ጎረቤት ከማን እንደሚለይ አይጠይቅም።

በ2016 መጋቢት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። በዚህ ሕግ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቈጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ እንዲሆን ተደነገገ። ይህ ለተከራዩ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ጊዜ ነው፤ ጊዜ ያገኘ ሰው ቅሬ ይገባል፤ ልጁ ዓመቱን ይጨርሳል። ነገር ግን ሕጉ ለመበለቲቱ መድኃኒት መግዣ አላሰበም፤ ለመምህሩም ሌላ ክፍል አልሠራም። የሁለቱ ችግር ካልተመለሰ ውሉ በወረቀት አንድ፣ በቃል ሌላ እየሆነ፣ ልዩነቱ በጓዳ እንዳይከፈል ያሠጋል።

በኦስትርያ ዋና ከተማ በቪየና ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1919 እስከ 1934፣ የከተማው አስተዳደር በቤቶች ላይ ግብር ጥሎ፣ ከትልልቁና ካማረው ቤት አብልጦ እየሰበሰበ፣ ከስድሳ ሺህ በላይ መኖሪያ ሠርቷል። የሠራውም ለሠራተኞች ነው፤ ስፍራውም በከተማው ውስጥ እንጂ ከዳር ብቻ አልነበረም። ያ ከተማ ከጦርነት የወጣ፣ ገንዘቡ የረከሰበት፣ ረኃብ የገባበት ከተማ ነበረ፤ ባለጠጋ ሆኖ አልጀመረውም። ደሴ ቪየና አይደለችም፤ ሆኖም በቦሩና በገራዶ ሜዳ ላይ በጨረታ የሚወጣው መሬት የሚያስገባው ገንዘብ በሠፈርተኛው የተፈጠረ ዋጋ ከሆነ፣ ከዚያው ገንዘብ ላይ ጥቂት ክፍል ቀርቶ ለቀን ሠራተኛውና ለመምህሩ በዚያው ሜዳ ክፍል ቢሠራበት፣ መበለቲቱም ጭቃዋን የምትመርግበት ብድር ብታገኝበት፣ ምጽዋት ሊባል አይችልም፤ ዕዳ መክፈል ነው። ይህ ካልሆነ ግን የከተማው ሸክም ሁሉ በአንዲት መበለትና በአንድ የቀን ሠራተኛ መካከል ወድቆ፣ ሁለቱ ድኾች እርስ በርሳቸው እንዲፈራረዱ ይተዋሉ።

የምሳሌይቱም መበለት ፍርዱን የሰጠችው ብቻዋን ነው። ከቅሬው ዳኛ ጋራ ተማክራ፣ ተከራዩ ሦስት መቶ ብር ጨምሮ እንዲቀመጥ፣ ክረምቱ ሳይገባም ግድግዳውን በገዛ እጁ እንዲመርግ ተስማሙ። ለመድኃኒቱ የጐደለውን ከወዴት እንደምታመጣው አልተናገረችም። መምህሩ ኀይለ ቃል ሳይናገር ሄደ፤ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ትንሽ ራቅ ብሎም ሌላ ክፍል በሁለት ሺህ ብር አገኘ። ክፍሉ ባዶ ነበረ፤ በግድግዳው ላይ ግን የልጆች ቁመት በከሰል እየተለካ የተሰመረበት ይታይ ነበር፤ ባለቤቱም ቶሎ በኖራ እንደሚቀባው ነገረው።